እንዳታስጠብቂው

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሲወረድ ቦርከናን የሚያሻግር ድልድይ አለ። በድልድዩ እግር ላይ ደግሞ በብሎን የታሰረ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ቆሟል። የሰፈሩ ሰው «ሜትሩ» ይለዋል። በየቀኑ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወርዶ ውሃው ስንተኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አይቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ረቢአ ናት። «አይቶ» ያልነው እንግዲህ ለወጉ ነው። ረቢአ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጻፈች እንጂ አላየችም።

ሥራው የባሏ ነበር። አብዱልጀሊል ሃያ ሁለት ዓመት፣ ወባ እያንቀጠቀጠውም ቢሆን፣ አንድ ጠዋት ቀርቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ልማዱን ያደንቅለት ነበር። ረቢአን ግን አንድ ነገር ይገርማት ነበር፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ይጽፋል፣ ከዚያ ነው ቀና ብሎ ውሃውን የሚያየው። «ሰው አይቶ ይጽፋል እንጂ ጽፎ ያያል እንዴ?» ብትለው «ልማድ ነው» ብሎ ሳቀ። ሊሞት ሲል ደግሞ እጇን ይዞ «ረቢአ፣ እንዳታስጠብቂው» አላት። ወረቀቱን ሊወስድ ከውሃ መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ሰውዬ መስሏት «አብሽር፣ አላስጠብቀውም» አለችው። ቃሏንም አከበረች፤ ወረቀቱ አንድ ቀን አልዘገየም።

ወረቀቱ ባይዘገይም የተሞላው ከቤት ነው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ፣ አራት ወር ከአስር ቀን፣ ከቤት አትወጣም። ሥራው ደግሞ ከእጇ እንዲወጣ አልፈለገችም። ስለዚህ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሰማዩን አይታ፣ የእንቁራሪቱን ድምፅ ሰምታ «ዛሬ አንድ ሜትር ከሰማንያ ይሆናል» እያለች ጻፈች። ዒዳዋ ሲያልቅ እጇ ለምዶ ነበር። ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባል የለ? መጀመሪያ የዛሬን፣ ከዚያ የሳምንቱን፣ ኋላማ ምስር እየለቀመች የወሩን በአንድ ከሰዓት ትሞላው ጀመር።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ትጸጸታለች። «ከመስከረም አንድ ጀምሬ በየቀኑ ወርጄ በዓይኔ አነባለሁ» ትላለች፤ ለጎረቤቷ ለለተማርያምም ትነግራታለች። ለተማርያም ታዲያ «ያንቺ ዕቅድ መስቀልን አያይም» እያለች ታሾፍባታለች። እውነቷን ነበር። አንዱን ዓመት ጉልበቷን አመማት፣ አንዱን ዓመት ጭቃው በዛ፣ አንዱን ዓመት ደግሞ ምንም ሳይሆን እንዲሁ ተወችው።

ጉዱ ግን ወዲህ ነው። ረቢአ ተሳስታ አታውቅም። የጨፋ ገበሬ ወደ ሮቢት ገበያ ሲወርድ ደጃፏ ላይ ቆም ብሎ «ቢሻን አካም?» ይላታል፤ ውሃው እንዴት ነው ማለቱ ነው። እሷም ከወረቀቱ ላይ አይታ ትነግረዋለች። «ተሻገር» ካለች ይሻገራል፣ «ከብትህን አርቅ» ካለች ያርቃል። ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ወንዙን ሲያወራላት ኖሯልና ግምቴ ነው የሚሠራው ብላ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ክፉ ቁጥር መጻፍ ስለማትወድ ደግሞ በአስራ አንዱ ዓመት አንድም ጎርፍ አልጻፈችም፤ ጎርፍም አልመጣም። ሰው ይህን አይቶ ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ተጠጋ። ድሮ ሽማግሌዎች ፍየል እንኳን የማያሳድሩበት ዝቅተኛ ዳርቻ ላይ አምስት ቤት ተሠራ። አንዱ የልጇ የፈይሩዝና የባሏ የኸይረዲን ነው።

የዘንድሮው ነገር የተጀመረው በነሐሴ መጨረሻ ነው። እንየው፣ ወረቀቱን የሚሰበስበው ቴክኒሻን፣ ሞተሩን በጭቃ ለውሶ መጣ።

«እትዬ ረቢአ፣ ከዚህ በኋላ እስከ ጥቅምት አልመለስም። እስከ መስከረም ሰላሳ ያለውን አሁኑኑ ይሙሉልኝና ይዤው ልሂድ።»

ረቢአ ቅር አላላትም። ፈይሩዝ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበርና እሷም ልጇ ቤት መሰንበት ፈልጋለች። የምትለቅመውን ምስር ሳታነሳ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ከሥሩ ካርቦን አድርጋ ጀመረች። ጳጉሜ አንድ፣ ጳጉሜ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ መስከረም አንድ፣ ሁለት... ቀኑንም ቁጥሩንም በራሷ እጅ በየመስመሩ ደረደረችው። እንየው ሻዩን እየጠጣ ከትከሻዋ በላይ አየና ጢሙን አሻሸ።

«አንድ ነገር ልንገርዎት? ከበላይ ‹አስራ አንድ ዓመት ጎርፍ የማያውቅ ወንዝ የት አገር ነው ያለው?› ብለው ጠይቀውኛል። አንዲት ደህና ጎርፍ ያስገቡበት እስቲ።»

«በዚህ በጋ መግቢያ?»

«ትዘገይ እንጂ ትኑር።»

ረቢአ ሳቀችና መስከረም አስራ ስምንት መስመር ላይ አራት ሜትር ከሃያ ብላ ጻፈች። እንየው ዋናውን ወስዶ ሄደ፤ የካርቦኑ ቅጂ እሷ ዘንድ ቀረ።

ጳጉሜ ሲገባ ለተማርያም እንደ ልማዷ ለጳጉሜ ጸበል ጎህ ሲቀድ ወንዝ መውረድ ጀመረች። ደረጃው ስለሚያዳልጥ ረቢአ ልብሷን ይዛ አጠገቧ ትቆማለች። ከሜትሩ ጋር ፊት ለፊት ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል። ውሃው አንድ ሜትር ከዘጠና ላይ ነበር። ቤት ገብታ ካርቦኑን ስታየው ጳጉሜ አንድ፣ አንድ ሜትር ከዘጠና ይላል። ፈገግ አለች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት። ይህኛው ፈገግ አላሰኛትም።

ለሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ከኮምቦልቻ በኩል ዶፍ ሲወርድ አደረ። ቦርከና ሞልቶ ማደር ነበረበት። ካርቦኑ ግን አንድ ሜትር ከአስራ ሦስት ይላል፤ ለምን እንደዚያ እንደጻፈች ራሷም አታውቅም፣ ምስሩ ውስጥ ጠጠር አግኝታ እሱን ስትለቅም ነበር። ረቢአ ጭቃውን እየተንሸራተተች ወረደች። ወንዙ ጎድሏል። ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አውጥተዋል፣ ዝናቡ ደግሞ እላዩ ላይ ይወርዳል። ውሃው አንድ ሜትር ከአስራ ሦስት ላይ፣ ከመስመሩ ንቅንቅ ሳይል ቆሟል።

ለተማርያም ውሃው ውስጥ ሆና «ዛሬስ ምን ነካው፣ ጉልበቴን እንኳን አልሸፈነኝም» አለች።

ረቢአ ያስታወሰችው አራት ሜትር ከሃያን ነው። የፈይሩዝ ቤት ደጃፍ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ላይ ነው፤ ኸይረዲን መሠረቱን ሲቆፍር ራሷ ነበረች «ውሃ እዚህ አይደርስም» ያለችው። ፍርሃት ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት።

ለእንየው ደወለች። «ወረቀቱን መልስልኝ፣ የተሳሳትኩት አለ።»

«ተልኳል እኮ እትዬ። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ አለቀ» አላት። ድምፁ ደስተኛ ነበር። «ጎርፏንም ወደዋታል።»

ያኔ ነው ረቢአ የምሯን ያቀደችው። እንደ ሌላው ዓመት የደንብ ዕቅድ አልነበረም። ወንዙ የለመደው የእኔን ውሸት ከሆነ፣ ውሸቴን ሳቆም እሱም ይተዋል ብላ አሰበች። ከመስከረም አንድ ጀምሮ በየቀኑ ወርዳ ያየችውን ብቻ በአዲስ ደብተር ትጽፋለች። እዚያው ድልድዩ ሥር ቆማ ማለች።

በማግስቱ ፈይሩዝ ምጥ ያዛት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሚስራ አሏት። ረቢአ ልጇ ቤት ገንፎ ስታገነፋ፣ ሕፃን ስታጥብ፣ ጠያቂ ስታስተናግድ ቀንና ሌሊቱ ተደባለቀባት። በራዲዮ የአዲስ ዓመት ዘፈን ስትሰማ ብድግ ብላ ቀጥታ ወደ ድልድዩ ሄደች። ካርቦኑ መስከረም አንድ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይላል። ሜትሩ ላይ ያለው ውሃ አንድ ሜትር ከሃያ አራት ነው።

ደግማ አየች። አልገጠመም። «አልሀምዱሊላህ» ብላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የጳጉሜው ነገር ግጥምጥሞሽ ነበር፣ አበቃ። ካርቦኑን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈችበትና ዳግም ላታየው ለራሷ ቃል ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሕይወቷ ደስ ካሏት ቀናት ውስጥ ናቸው። ሥራውን ከሱብሂ ሶላት ጋር ጠመደችው፤ ሰግዳ እንደጨረሰች ምንጣፉን ሳታነሳ ጫማዋን ታጠልቃለች። ደብተሩን በር ጀርባ ላይ ሰቀለችው፣ ወጥታ ስትሄድ ፊቷን እንዲመታት። የመጀመሪያው ሳምንት ከበዳት። በሁለተኛው እግሯ ራሱ ይወስዳት ጀመር። ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ትመለሳለች። መንገደኛው «ቢሻን አካም?» ሲላት በዓይኗ ያየችውን ስትነግረው አንገቷ ቀና ይል ነበር። ደብተሩ ላይ አስራ ስድስት መስመር ሞላ፤ ይህን ያህል ጸንታ አታውቅም።

በአስራ ስድስተኛው ቀን፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ለተማርያም ችቦዋን ተሸክማ በደጇ አለፈች።

«ረቢአ፣ ነገ መስቀል ነው። ዕቅድሽ ሊያልፈው ነው መሰለኝ» አለች እየሳቀች።

«ኢንሻአላህ። ጉልበትሽስ?»

«ተመስገን፣ ተሻለኝ። አንቺ ልጅሽ ጋ ሄደሽብኝ ብቻዬን ነበር የምወርደው፤ ግን አንድም ቀን አላስታጎልኩም፣ ስድስቱንም ቀን ተጠመቅኩ።»

«አምስቱን በይ።»

«ስድስቱን። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ አልነበር እንዴ? በየአራት ዓመቱ በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። አንቺማ ምን ታውቂያለሽ» ብላ ችቦዋን አስተካክላ ሄደች።

ረቢአ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ካርቦኑን ዘረጋች፣ ደብተሩን አጠገቡ አደረገች። ካርቦኑ ላይ ከጳጉሜ አምስት ቀጥሎ ያለው መስከረም አንድ ነው። ጳጉሜ ስድስት የለችም፤ ረስታታለች። ወንዝ ደግሞ የቀን ስም አያውቅም፣ መስመር ነው የሚቆጥረው።

ጣቷን አንድ መስመር ዝቅ አደረገች። ካርቦኑ መስከረም ሁለት ያለው፣ አንድ ሜትር ከሃያ አራት፣ መስከረም አንድ ቀን በዓይኗ ያየችው ነው። ሦስት ያለው ሁለት ላይ አለ። አራት ያለው ሦስት ላይ አለ። አስራ ስድስቱም መስመር አንድ በአንድ፣ ሴንቲ ሳይዛነፍ። ያን ሁሉ ጠዋት ወርዳ፣ በንጹሕ ልብ አይታ የጻፈችው እውነት ነሐሴ ላይ ምስር እየለቀመች የጻፈችው ውሸት ነው። ካርቦኑ ላይ ቀጣዩ መስመር መስከረም አስራ ስምንት ይላል። ቀጣዩ መስመር ነገ ነው።

ጫማዋን እንኳን በትክክል ሳታጠልቅ ወጣች። ዳርቻው ስትደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የአራቱን ጎረቤቶች ደጅ እያንኳኳች «ቦሩ ቢሻን ዱፋ፤ ነገ ውሃ ይመጣል፣ ከብቱንም ልጁንም ይዛችሁ ውጡ» አለች። አንድም ሰው ለምን አላላትም። ረቢአ ያለችው አይስትም፤ ወዲያው ፍራሽ መጠቅለል ጀመሩ። ጥያቄ የመጣው ከራሷ ቤት ነው።

ኸይረዲን በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየ። «እማ ረቢአ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ክረምቱ ወጥቶ! አራስ ደግሞ አርባዋ ሳይሞላ በምን ምክንያት ነው ከቤት የምትወጣው?»

ሌላ ምክንያት ብትፈልግ ታገኝ ነበር። ግን ውሸት ሰልችቷት ነበር። ዒዳዋን፣ ምስሩን፣ እንየውን፣ ካርቦኑን፣ ሁሉንም እዚያው በሩ ላይ እያለቀሰች ነገረችው። ፈይሩዝ ከመደቡ ላይ ሆና ትሰማለች። ኸይረዲን ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ቤት ‹ውሃ አይደርስም› ያሉኝ አንቱ ነዎት። አስራ አንድ ዓመት ሲዋሹን ከኖሩ፣ ይቺን ብቻ እውነት ናት ብዬ እንዴት ልቀበል?»

«እውነት ናት አላልኩህም» አለች ረቢአ። «ውሸቴ ናት። የምትመጣው እሷው ናት።»

ፈይሩዝ ግን እናቷ አልቅሳ ስትናገር አይታ አታውቅም። ተነሳች፣ ሚስራን በጋቢ ጠቀለለቻት፣ ቢስሚላህ ብላ ከደጃፉ ወጣች። ኸይረዲንም እያጉረመረመ በሬዎቹን ፈትቶ ተከተለ።

ሲነጋ ረቢአ ሱብሂን ሰግዳ ወረደች። ደመና አልነበረም። ጎርፍ ድምፅ አለው፤ ድንጋይ ያንከባልላል፣ ግንድ ይገነድሳል። ይህ ግን ድምፅ አልነበረውም። ውሃው አረፋ እንኳን ሳይኖረው፣ ጸጥ ብሎ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየወጣ መጣ። ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር። የበቆሎውን ማሳ ሳያጎነብሰው ሸፈነው። የአምስቱ ቤት ግድግዳ ጭቃው እየሟሸሸ ወደ ውስጥ ተቀመጠ። አራት ሜትር ከሃያ ሲደርስ ቆመ፣ ደጅ ላይ እንደደረሰ እንግዳ። ረቢአ ደብተሩ ላይ ጻፈችው። ሰውም ከብትም አልጠፋም።

እንየው በማግስቱ ደወለ። «እትዬ፣ ምን ዓይነት ግምት ነው ያለዎት? በአንድ ቀን ብቻ ነው የሳቱት!» አላት። ስልኩን ዘጋችበት።

ከዚያ ውሃው እንደ ወረቀቱ እየጎደለ ሄደ። የረቢአ ቤት በሰው ተጣበበ፤ ኸይረዲን ለብዙ ቀን ሰላም ሲላት ዓይን ዓይኗን አያይም ነበር። እሷ ግን መውረዷን አላቋረጠችም፤ እግሯ ለምዷል። መስከረም ሃያ ዘጠኝ ቀን የካርቦኑ የመጨረሻ መስመር አለቀ። «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ወንዙ የራሱ ነው» አለች። ሸክም የወረደላት መሰላት።

መስከረም ሰላሳ ጠዋት ወረደች። ገና ከሩቅ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማት፤ የውሃው ድምፅ ነው። እንቁራሪቱም ወፉም ዝም ብሏል። ደረጃው ላይ ስትደርስ ቦርከና አይፈስም። ዳር እስከ ዳር ተኝቷል። መሐሉ ላይ አንድ የበቆሎ ቅጠል አለ፤ ወደ ታችም ወደ ላይም አይሄድም። ነፋስ ነበር፣ ውሃው ግን አልተሸበሸበም። ረቢአ እስኪንቀሳቀስ ቆማ ጠበቀችው። ፀሐይዋ ወጣች፣ ቅጠሉ እዚያው ነው። ከላይ በኩል ግን የሚመጣው ውሃ አልቆመም፤ ከድልድዩ በላይ ዝም ብሎ እየተቆለለ፣ እየከበደ ነው።

እሷ እሱን ስትጠብቅ እሱ እሷን ይጠብቅ እንደነበር የገባት ያኔ ነው። እንዳታስጠብቂው። አብዱልጀሊል ያለው ስለ ሰውዬው አልነበረም።

ባሏ ይቀመጥበት የነበረው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ውሃውን ሳታይ፣ ዘጠና አምስት ሴንቲ ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች። ቅጠሉ መሄድ ጀምሯል።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ረቢአ አንድ ጠዋት አልቀረችም፤ ቀድሞ የተሞላ ወረቀት ምን እንደሚያመጣ ስላየች አስቀድማ መሙላትን ፈርታዋለች። ወገቧን ቢያማት ትወርዳለች፣ ትኩሳት ቢይዛት ትወርዳለች፤ ሁልጊዜ ለሰው የማይከብድ ቁጥር ትጽፋለች። ባቲ ያለች እህቷ ልጅ ስትድር ሠርጉን ሳታይ ቀረች። ለተማርያም ነገሩ ገርሟት አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ቆመች።

«እኔማ በየዓመቱ ‹አልዋሽም፣ አላማም› ብዬ ሳምንት አልዘልቅም። አንቺ ምን አድርገሽ ነው ልማድ የጸናልሽ?»

ረቢአ «ጉልበትሽን ተጠንቀቂ» ብቻ አለቻት። ከዚያ ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ሚስራን ዞር ብላ አየቻት። ልጅቱ ቁጥር እስክትለይ ገና አራት አምስት ዓመት ይቀራታል።